ድንኳን ሸጠን መድኃኒት ስንጠብቅ

የዕድራችን ድንኳን እኔ ቤት ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። የዕድሩ ንብረት ኃላፊ ነበርኩ። ሹመቱን ያገኘሁት በችሎታ አይደለም፤ በሰፈሩ ውስጥ የሚቆለፍ ትርፍ ክፍል ያለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ድንኳኑ እንደ ዛሬዎቹ የላስቲክ ሸራ አልነበረም። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ሲታጠፍ ጎረምሳ የሚያስለቅስ፣ ሲዘረጋ ደግሞ የአምቦን ሕዝብ በሙሉ አስቀምጦ ከጊንጪ ለሚመጣ እንግዳ ቦታ የሚተርፈው ድንኳን ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ተዘርግቶ አይታው «ይሄ እኮ የኛን ግቢ እንኳ አይሞላም» ብላለች። እሷ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገር ሲሰፋ አይመቻትም።

ድንኳኑን ከእኔ በላይ የሚወዱ አንድ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ «ኦቦ ሾፌር» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጉሊት ከምትሸጥ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሩን ከመሠረቱት ሰዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ከዘራቸውን አጥሬ ላይ ያንኳኩና «አካም ቡልቴ?» ይላሉ።

«ደኅና አደርኩ ኦቦ፣ እርስዎስ?»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ድንኳኔን ነው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ሚስታቸውን ያለቀሱት በዚያ ድንኳን ሥር ነው። ወንድማቸውንም፣ አብረዋቸው መሪ የያዙትን ጓደኞቻቸውንም። «ለሰው ሁሉ ተቀምጬበታለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ለኔ ይቀመጥበታል» ይሉ ነበር። ከዚህ ዓለም የሚጠብቁት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። ሲሞቱ ያ ድንኳን ይተከልላቸው፣ በቃ።

ሳል ነበረባቸው። ከናፍጣ ጭስና ከሲጋራ ለብዙ ዘመን የተቀመመ ሳል ነው። ሲጀምር ብርድ ላይ እንዳደረ ሞተር ይንተፋተፋል፤ ይጠፋል፤ እንደገና ይነሣል፤ በመጨረሻ ሲይዝለት የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣራ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ጉደር ያሉ ዘመዶቼ ነፋሱ ወደነሱ ሲሆን እንደሚሰሙት ነግረውኛል።

እንግዲህ ኮሮና መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋና እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ያለውን የመሬት አቀማመጥ ሳጠና ዋልኩ። ማስክ አድርጉ ተባልን፤ አደረግን። አገጫችን ላይ ነው ያደረግነው። በዚያ ዓመት የአምቦን ሰው አገጭ ያህል ከበሽታ የተጠበቀ አገጭ በዓለም አልነበረም። መጨባበጥ ቀርቶ በክርን መነካካት ተጀመረ፤ ያንን ጨርሰን ደግሞ ከልማድ እንጨባበጣለን።

ከሁሉም የከፋው የለቅሶው ነገር ነው። መሰብሰብ ተከለከለ፣ ድንኳን መትከልም አብሮ ቀረ። ሰው ሲሞት ጥቂት ዘመድ ሸኝቶት በየቤቱ ይገባል። ድንኳናችን ሥራ ፈታ፤ እንደኔ።

የአክሲዮን ሻጩ የመጣው ይኼኔ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ በፀሐይም በዝናብም ከረባቱን የማያላላ ወጣት ነው። በምሥረታ ላይ ያለ አንድ ኩባንያ ወኪል ነኝ አለ። ኩባንያው ከአገር በቀል ዕፅ የኮሮና መድኃኒት እየሠራ ነው፤ ሙከራው በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው፤ ዛሬ አክሲዮን የገዛ ነገ መድኃኒቱ ሲጸድቅ ዓለም በሩ ላይ ይሰለፍለታል። «ባዮቴክ ነው» አለ። የዕድራችን ዳኛ፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው፣ ባዮቴክ ከሲሚንቶ ጎን ደርድሮ ሲሸጥ እንደኖረ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ስለ ሙከራው የጠየቀችው የዳቦ ቤቷ ባለቤት ብቻ ናት። ሸቀጥ ሳትነካ የማትገዛ ሴት ነች።

«አንደኛው ምዕራፍ በአይጦች ላይ ነበር፤ አልፏል» አላት ወጣቱ።

«አይጦቹ ዳኑ?»

«አልሞቱም።»

«ታመው ነበር?»

«እሱ በሁለተኛው ምዕራፍ ነው የሚታየው፣ እናቴ።»

«ታዲያ ሁለተኛውን ምዕራፍ አይጦቹ ናቸው የሚገዙት?»

ሁሉም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ቀድማ የገዛችው እሷ ናት። እሷ ከገዛች ነገሩ እውነት ነው ብሎ ሰፈሩ ተከተላት። ሰባኪው ገዛ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ገዛ፣ የዩኒቨርሲቲው ሌክቸረር «እኔ በመርህ ደረጃ እጠራጠራለሁ» እያለ ገዛ። እኔም በባለቤቴ ስም ገዛሁ፤ ኪሳራ ከመጣ ለሒሳብ ሰው ይቀላታል ብዬ።

በሳምንቱ የዕድር ስብሰባ ተጠራ። ርቀታችንን ጠብቀን ሜዳ ላይ ስለተቀመጥን ለመሰማማት መጮህ ነበረብን፤ ምስጢራዊ ስብሰባችንን ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡ ሁሉ አብረው ተሰበሰቡት። ዳኛው ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ የዕድሩን ገንዘብ አክሲዮን እንግዛበት ብለን ባለፈው ተስማምተናል። አሁን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ድንኳን መትከል ተከልክሏል። ንብረቱን አይጥ እየበላው ነው።»

«አይጥ አልገባበትም!» አልኩ የሹመቴ ክብር ተነክቶ።

«ይገባል። ስለዚህ ሸጠን አክሲዮን እንጨምርበት። እስቲ አስቡት፣ መድኃኒቱ ከሠራ ማን ይሞታል? ሰው ካልሞተ ድንኳን ምን ያደርጋል? እስከ ዛሬ ዕድሩ ሞትን ከኋላ ከኋላ ሲከተል ኖረ። አሁን ቀድመነው መንገዱን እንዝጋበት!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ያማረ ነበር፤ ሲሚንቶ ሲሸጥ እንዲህ አይናገርም።

ኦቦ ሾፌር ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«መድኃኒቱ ባይሠራስ?»

«ባይሠራማ ያው… እንሞታለን ኦቦ።»

«የት?»

«የት ማለት?»

«የት ነው የሚለቀስላችሁ? አክሲዮኑን በአራት እንጨት ወጥራችሁ ሥሩ ልትቀመጡ ነው?»

ወንዝ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ዳኛው ድምፁን አለዘበ። «ኦቦ፣ ውጤቱ እኮ በቅርብ ነው የሚወጣው። ከዚያ የዚህን ሁለት እጥፍ ድንኳን እንገዛለን። ጥቂት ብቻ ይታገሡ።»

«የምታገሠው እኔ ነኝ እንዴ? ሳንባዬን ለምነው!»

ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም እጅ ወጣ፤ የኦቦ ሾፌር ብቻ ከዘራቸው ላይ ቀረ። እኔ ግማሽ እጅ አወጣሁ፤ ዳኛው ሙሉ አድርጎ ቆጠረው።

ድንኳኑን የገዛው ለሠርግ ወንበርና ድስት የሚያከራይ የጉደር ነጋዴ ነው። አይሱዙ ይዞ መጣ። ስንጭን ኦቦ ሾፌር ቆመው አዩን። አልተቆጡም። ሸራውን በመዳፋቸው አንዴ ደባበሱና ወደ ጋቢናው ሄደው ሾፌሩን «በሁለተኛ ማርሽ ሂድ። ሰው ነው የጫንከው» አሉት።

መኪናው ከተማውን ሲለቅ ሳላቸው ተነሣ። ተንተፋተፈ፣ ጠፋ፣ ያዘ፣ ጣራው ተንቀጠቀጠ። እዚያ የቆምን ሁሉ እርስ በርስ ተያየን። ለካ ከኛ መካከል ያንን ሳል በጆሮው ሙሉ የሰማ እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባን። ድንኳን የለንም። ከዕድሩ ካዝና ውስጥ የቀረው ማኅተሙና የማኅተሙ ቀለም ነው። አሁን ሳንባቸው እምቢ ቢል ዕድሩ መሥራቹን በምን ሊቀብር ነው? ክልከላው ደግሞ ሊላላ ነው ይባላል። ከወንዝ ማዶ ያለው ዕድር፣ ያ የዘላለም ባላንጣችን፣ «አይዟችሁ፣ ድንኳን እናውሳችሁ» ብሎ ሲመጣ ታየኝ። ከኮሮና በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው። ዳኛው ፊት ላይም ይኸው ፍርሃት ተጽፎ አየሁ።

«መምህር» አለኝ ጎትቶ ጥግ አስይዞኝ፣ «እኚህ ሰው ሙከራው እስኪያልቅ መሞት የለባቸውም።»

«ለሳቸው ነግረሃቸዋል?»

«ቀልዱን ተወው! ምን ይበላሉ?»

እንዲህ ሆኖ ሰፈራችን የራሱን የሕክምና ሙከራ ጀመረ። ዳኛው ከጭልሞ ጫካ ነጭ ማር አፉ በተሰነጠቀ እንስራ አስመጣ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ ትልካለች። ሰባኪው ቅቤ ያመጣል። የባጃጅ ሾፌሩ በነፃ ያመላልሳቸዋል፤ የሚሄዱበት ባይኖርም በጎዳናው ላይ ወጥቶ መመለሱ ሳንባ ያናፍሳል ተብሎ። ካቺሲ ዘመድ ያለው አንዱ አባል በገበያ ቀን ሙክት ጎትቶ መጣ። ባለቤቴም ገንፎ ትሠራ ጀመር፤ «ለኔ አክሲዮን ሳትጠይቀኝ እንደገዛህልኝ፣ እኔም ሳልጠይቅህ ቅቤህን ጨረስኩት» አለችኝ።

ኦቦ ሾፌር መጀመሪያ ግራ ገባቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?» አሉኝ የገንፎውን ሳህን እያዩ።

«ስለምንወድዎ ነው ኦቦ።»

«ዱጋ? እውነት? እስከ ዛሬ የት ነበር ፍቅራችሁ? ጉሮሮው ላይ አጥንት ቆሞበት ነበር?»

ነገሩ የገባቸው ግን በፍጥነት ነው። አንድ ቀን ዳኛው ሊጠይቃቸው ሄዶ ሳለ ትንሽ ሳሉ። ትንሽ ናት፣ የጨዋ ሳል። ዳኛው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ኦቦ! ምን ላምጣልዎ?» ሽማግሌው ፊቱን ረጋ ብለው መረመሩት፤ ሞተሩ ምን እንደጎደለው በድምፁ የሚያውቅ ሾፌር እንደሚያደርገው። ከዚያ ደረታቸውን ይዘው በደከመ ድምፅ «የበግ ቅልጥም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ያቺን ሳል በምግብ ዝርዝር ተከፋፍላ አገኘናት። ደረቅ ስትሆን ማር ነው። ስትረዝም ሾርባ ነው። ሁለት ጊዜ አከታትለው ስለው ዓይናቸውን ከከደኑ በግ ነው። ሆዳቸው ቅቤ ጠጥቶ ደስ ሲላቸው ደግሞ ከዘራቸውን ወለል ላይ መትተው «አኒ ሂንዱኡ! አልሞትም! በሉ ሂዱ ተኙ!» ይሉናል፤ እኛም ተመስገን እያልን እንሄዳለን።

ክረምቱ ሲገባ ኢንተርኔት ጠፋ። ኩባንያው ስለ ሙከራው የሚለጥፍበት የቴሌግራም ገጽ አብሮ ጨለመ። ሁለተኛው ምዕራፍ አልቆ ይሁን፣ ሦስተኛው ተጀምሮ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። ባለአክሲዮን ግን ያለ ወሬ አያድርም። በዳቦ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጠዋት የሚሰበሰበው ሰው ድርሻውን እርስ በርሱ መሸጥና መግዛት ጀመረ፤ ዋጋውን የሚወስነው ምን መሰላችሁ? የኦቦ ሾፌር ሳል!

እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም። ምክንያቱ ግን በጊዜው የማይነቃነቅ ይመስል ነበር። እሳቸው ደኅና ከሆኑ ውጤቱ እስኪወጣ ጊዜ አለን፣ አክሲዮኑ ይወደዳል። ከታመሙ ዕድሩ ለቀብሩ ሲል ድርሻውን በርካሽ አውጥቶ ይሸጣል፣ የሁላችንም ይወድቃል። ስለዚህ ጠዋት ዳቦ የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጆሮውን ወደሳቸው ግቢ ያቀናል።

«ዛሬ እንዴት ነች?» ይላል የባጃጅ ሾፌሩ።

«ደረቅ ነች» ይላል ሰባኪው።

«ደረቅ ነው እርጥብ? በደንብ ስማ እንጂ አባቴ! ንብረቴ እኮ ነው!»

«በትናንትናው ቃና ናት» ይላል ሌክቸረሩ። «አዝማሚያው ግን ወደ ላይ ነው።»

«ሳሉ ነው ዋጋው?»

«እሱ ገና አልተጠናም።»

አንድ ጠዋት ሳሉ መሬት አንቀጠቀጠ። እንደዚያ ሆነው አያውቁም፤ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ትንፋሽ። ደጃፉ ተተረማመሰ። ሰባኪው ድርሻውን በግማሽ ዋጋ ጣለ፣ የባጃጅ ሾፌሩ በግማሹ ግማሽ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት መቀነቷን ፈትታ ዝም ብላ ትለቅማለች። እኔ የሽማግሌውን ነፍስ ልይ ብዬ ሮጥኩ። ግቢያቸው ስደርስ እኔም ማስነጠስ፣ ማሳል፣ ማልቀስ ጀመርኩ። በአጥሩ ወዲያ፣ ልክ በመስኮታቸው ትይዩ፣ የዳቦ ቤቷ ሠራተኛ ትልቅ ብረት ምጣድ ጥዳ በርበሬ ታምሳለች። ነፋሱን ጠብቃ ነው የጣደችው።

ሴትዮዋን ስጠይቃት ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። «ታዲያ በርበሬ በክረምት አይታመስም የሚል አዋጅ ወጣ እንዴ? መምህር፣ አንተም ብትሸጥልኝ እገዛህ ነበር እኮ።»

«አክሲዮኑ በባለቤቴ ስም ነው።»

«አስተዋይ ሴት ናት፣ አትሸጥም» አለችና ዳቦዋን ወደ መቁጠሩ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ከገበያ አንድ እንስራ ማር ገዛሁ፤ ለኦቦ ሾፌር ልወስድላቸው። ሻጯ ልጃቸው ናት፣ ጉሊቷ ላይ። ማሩ ነጭ፣ ከጭልሞ የመጣ፣ የዳኛው እንስራ ላይ ያለው ያ ስንጥቅ ሳይቀር ያለበት። ልጅቷ አፈረች። «ማሎ፣ ለአባባ እንዳትነግርብኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ምስኪን፣ አባቷን ደብቃ የምትሸጥ መሰለኝ፤ አዘንኩላት። ዋጋውን ከፍዬ ማሩን ወደ አባትየው ወሰድኩት። እሳቸውም እንስራውን አገላብጠው አዩና «ገለቶማ፣ ይሄንን እንስራ የማውቀው ይመስለኛል» አሉኝ። ያቺ እንስራ በዚያ ክረምት ከአምቦ ሳትወጣ ስንት ዙር እንደዞረች እግዜር ይወቀው። ሰባኪውም፣ ዳኛው ራሱም ገዝተዋት ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ የቴሌግራሙ ገጽ አልተመለሰም። የወኪሉ ስልክ መጀመሪያ ይጠራል፤ አይነሣም። ቀጥሎ ተያዘ። ቀጥሎ «ሊያገኟቸው አይችሉም»። አንድ ቀን ብቻ፣ ዳኛው ባልታወቀ ቁጥር ደውሎ አገኘው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችን አሰማን።

«ሙከራው ወደቀ እንዴ?» አለ ዳኛው።

«ሙከራው አልወደቀም፣ አባቴ። ውጤቱ ነው ያልተገኘው።»

«መድኃኒቱስ?»

«አንድም ሰው አልጎዳም!»

«አዳነስ?»

«በዚህ በኩል ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።»

«አክሲዮናችንስ?»

«የእናንተ ድርሻማ ሙሉ በሙሉ አለ። ኩባንያው ነው ለጊዜው የሌለው።»

ዳኛው አላመነም፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ አዲስ አበባ ሄደ። በአድራሻው ቢሮውን አገኘው። የሴቶች ፀጉር ቤት ሆኗል። በካስኩ ሥር በተቀመጡ ሴቶች መካከል ማኅተም ይዞ ቆሞ «ሦስተኛው ምዕራፍ የት ደረሰ?» ቢል የፀጉር ቤቷ ባለቤት «ቀጠሮ አለዎት?» አለችው። ይህን ሲነግረን አላለቀሰም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመደብሩ ሲሚንቶ የሚጠይቀውን ሁሉ «እርግጠኛ ነህ?» ማለት አመጣ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ለኦቦ ሾፌር ማን ይንገር? እስከዚያች ቀን ድረስ ድንኳንዎ ይመጣል፣ ሁለት እጥፍ ሆኖ ይመጣል እያልን ነው ያቆየናቸው። ክልከላው ላልቷል፤ ሰው እየሞተ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ዕድር የኛን ወሬ ሰምቶ በሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር ይስቅብናል። እኔና ዳኛው አብረን ሄድን። ዳኛው ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ ቅልጥም ይዟል።

ቤታቸው የሉም። ልጃቸውም የለችም። ጎረቤት ብንጠይቅ «በጠዋት ወደ ጉደር ሄደዋል» አለን። በምን? አያውቅም። ታመው ይሆን? ሆስፒታል ወስደዋቸው ይሆን? የዳኛው ፊት አመድ መሰለ። ቅልጥሙ ከእጁ ወደቀ።

ሜዳው ላይ ደረስን፤ ያ የድምፅ መስጫ ሜዳ። ከወደ ጉደር መንገድ አንድ አይሱዙ እያቃሰተ መጣ። አመጣጡ ልዩ ነው፤ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወርደው። ከኋላው የተጠራቀመው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ይነፋበታል፤ ደንታ የለውም። ሲቃረብ ከመሪው ኋላ ያለውን ሰው አየሁ። ቆብ፣ ፂም፣ በቅቤ የወዛ ፊት። ኦቦ ሾፌር ናቸው! የመኪናው ባለቤት፣ የጉደሩ ነጋዴ፣ ጎናቸው ተቀምጦ በሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጸልያል። ከኋላ፣ ከሸራው ክምር ላይ፣ ልጃቸው ተቀምጣለች።

ሸራው አረንጓዴ ነው።

ወረዱ። ጉንጫቸው ሞልቷል፤ ትከሻቸው ሰፍቷል። ያን ሁሉ ወር ስናያቸው የታየን ሳላቸው ብቻ ነበር፤ ሰውዬውን አላየነውም። እኔና ዳኛው እግራችንን ጎትተን ቀረብናቸው።

«ኦቦ፣ እ… እንዴት?» አለ ዳኛው።

«ማሩን የበላሁት መሰላችሁ እንዴ? የስኳር በሽታ እንዲገድለኝ? ሙክቱንስ ብቻዬን ልጨርሰው ነበር? ቅቤውንስ?» ሳቁ፤ ሳቁም ሳል አመጣ፣ እኛም በልማድ ማር ልናመጣ ቃጣን። «ልጄ ትሸጥልኝ ነበር። መልሳችሁ የምትገዙትም እናንተው፤ በገንዘባችሁ ድንኳኔን መለስኩ። ከመድኃኒቱ ያተረፈው ባለአክሲዮን እኔ ብቻ ነኝ፤ ያልገዛሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።»

ዳኛው ቁጭ አለ፤ መሬት ላይ፣ ከነሙሉ ልብሱ።

ድንኳኑን ያን ዕለት ተከልነው። እሳቸው ናቸው ትከሉ ያሉን። «ማን ሞቶ?» ብሎ ሰፈሩ ሁሉ እየሮጠ መጣ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሰባኪው መጣ፣ ባጃጁ መጣ፣ ሌክቸረሩ መጣ። ኦቦ ሾፌር ከድንኳኑ መካከል፣ ከምሰሶው ሥር፣ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ንፍሮ ታድላለች።

«ማን ነው የሞተው ኦቦ?» አለች የዳቦ ቤቷ ባለቤት።

«አክሲዮናችሁ ነዋ! ቁጭ በይ። እግዜር ያጽናሽ። አንተም ና፣ መምህር፤ ለባለቤትህም እግዜር ያጽናት በልልኝ፣ በስሟ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ንፍሮ ብሉ። ድንኳኑ ለናንተ ሐዘን አንሶ እንደሆነ ንገሩኝ፣ ሁለት እጥፍ ነበር ያላችሁኝ።»

መጀመሪያ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ የባጃጁ ሾፌር ፈነዳ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲያ ተስቆ አያውቅም፤ የሳቁ ድምፅ ሁሉቃን ተሻግሮ ያኛው ዕድር ድንኳን ጥሎ እንደሸሸ ነው የተነገረኝ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ብቻ አልሳቀችም፤ በርበሬ ባሳመሰችበት ሰሞን ከሁሉም የሰበሰበችው የአክሲዮን ወረቀት እሷ ዘንድ ነበር። ኦቦ ሾፌር ንፍሮ ሁለተኛ አስጨመሩላት።

ሲመሽ ሰዉ ተበተነ። ድንኳኑን ለማጠፍ እኔ ቀረሁ፤ የንብረት ኃላፊ ነኝ ብዬ። እሳቸው ግን አልተነሡም። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ነው የሚያድረው» አሉኝ። «የሰፈሩ ሰው ሲሞት ይወሰድና ይመለሳል። ያንተ ክፍል በሩ ይቆለፋል፤ ችግሩ ዳኛው ሲያንኳኳ መከፈቱ ነው።» ሹመቴ እንዲህ አለቀ። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ምን እንደሚያደርጉበት ሳላውቅ።

ቁልፉን መዳፋቸው ውስጥ ያዙ። የድንኳኑን ጣራ አንጋጠው ያያሉ። ሚስታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ጓደኞቻቸውን ያለቀሱበትን ጣራ።

«ሁልጊዜ ጥግ ላይ ነበር የምቀመጠው» አሉኝ። «ለካ ከዚህ ከመካከሉ ሲታይ እንዲህ ነው።»

 አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በከዘራቸው ወደ ላይ አመለከቱኝ። ምሰሶው አናት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሰማዩ በሷ በኩል ይታያል።

«የጉደር ሠርግ ነው የቀደደው። እሷን ስፋልኝ።»

«ነገ እሰፋዋለሁ ኦቦ።»

«ዛሬ ስፋው። ዝናብ ሲገባባት ያኔ ተነሥቼ ሰው ማዘዝ አልችልም።»

መርፌና ሲባጎ ከቤት አመጣሁ። ምሰሶው ላይ መሰላል አስደግፌ ስሰፋ እሳቸው ከታች ሆነው መሰላሉን ይዘውልኝ ነበር፤ ሳያስሉ።